ባለጉዳዩ ሳይሆን መዝገቡ ሲመላለስ፤ የኢስቶኒያ አሠራርና የሴቻ ነጋዴ

የአርባ ምንጭ ከተማ በላይና በታች ተከፍላ የተቈረቈረች እንደ መሆኗ መጠን፣ የንግዱና የመሥሪያ ቤቱ ሥራም እንዲሁ ተከፋፍሎ ይገኛል። ገበያውና አብዛኛው መደብር በታችኛው ክፍል በሲቀላ ሲሆን፣ የአስተዳደሩ መሥሪያ ቤቶች በብዛት ያሉት በላይኛው ክፍል፣ ማለት ዓባያንና ጫሞን አሻግሮ በሚያሳየው በሴቻ ነው። ስለዚህ ሙዝ በጭነት መኪና አስጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ የሲቀላ ነጋዴ ፈቃዱን ለማሳደስ ወይም የግብር ማስረጃ ለማውጣት ሲፈልግ፣ በባጃጅ ተሳፍሮ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሴቻ ይወጣል። ዳገቱ ሰውን አያደክምም፤ የሚያደክመው ምልልሱ ነው።

ነጋዴው በብብቱ ይዞት የሚሄደው ዶሴ ምን እንደሚይዝ በዚህ ሥራ ላይ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የመታወቂያ ወረቀት ፎቶ ኮፒ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማስረጃ፣ የአምናው ፈቃድ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ከዕዳ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ ራሱ መንግሥት ጽፎ፣ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ የሰጣቸው ናቸው። አንዱ መሥሪያ ቤት የጻፈውን ሌላው መሥሪያ ቤት እንዲያየው፣ ሁለቱም በአንድ መንገድ ዳርና ዳር ቢሆኑ እንኳ፣ ደብዳቤውን ተሸክሞ የሚያደርሰው ባለጉዳዩ ነው። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ለስብሰባ የወጣ እንደ ሆነ ወይም ቲተሩ የተቈለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ያልተገኘ እንደ ሆነ፣ ጉዳዩ ለነገ ይቀጠራል። ሙዝ ግን ቀጠሮ አያውቅም። ከተቈረጠ በኋላ በቈላው ሙቀት የሚታገሠው ጥቂት ቀን ብቻ ስለሆነ፣ በወረቀት ምክንያት የቆመ ጭነት ዋጋው በየሰዓቱ ይወርዳል።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ሌላ መልክ ተጨምሮበታል። በዚያን ጊዜ የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መሥሪያ ቤቶቹን በአንድ ከተማ አላከማቸም፤ በወላይታ ሶዶ፣ በአርባ ምንጭ፣ በዲላ፣ በጂንካ፣ በሳውላና በካራት አከፋፍሎ አስቀምጧቸዋል። ሥልጣንና ጥቅም በአንድ ስፍራ እንዳይከማች ለማድረግ የታሰበ ስለሆነ ፍትሐዊነቱ አይካድም። ሆኖም ሶዶ ከአርባ ምንጭ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ዲላም ከዓባያ ሐይቅ ማዶ ነው። የክልል ቢሮ ፊርማ የሚያስፈልገው ጉዳይ ያለው ሰው በወረቀት የሚሠራ ከሆነ፣ አንዱን ደብዳቤ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲያዞር ሳምንቱ ያልቅበታል። እንዲህ ተበታትኖ የተቋቋመ አስተዳደር ከሌላው ይልቅ ወረቀትን የሚተካ ዘዴ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ይህንን ዘዴ ከሁሉ ቀድማ የመንግሥቷ አውታር ያደረገችው አገር ትልቅ ወይም ባለጸጋ የነበረች አይደለችም። ኢስቶኒያ በባልቲክ ባሕር ዳርቻ የምትገኝ፣ የሕዝቧ ቁጥር ከ1.4 ሚሊዮን የማይበልጥ፣ የቆዳ ስፋቷም 45,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1991 ከሶቪየት ኅብረት ነጻነቷን ስትመልስ የወረሰችው አሮጌ ፋብሪካና አሮጌ ስልክ ነበር። ጎረቤቷ ፊንላንድ የምትጥለውን የቀድሞ ስልክ ማዞሪያ በነጻ ልስጣችሁ ብላ፣ ኢስቶኒያውያኑ አመስግነው አንፈልግም እንዳሉ ይነገራል። ታሪኩ እየተተረከ ጥቂት ያማረ ቢመስልም ሐሳቡን በትክክል ያሳያል። ገንዘብ ስላልነበራቸው አሮጌውን ጠግኖ ከማቆየት አዲሱን ከመሠረቱ መትከል ይረክስላቸው ነበር።

የመጀመሪያው እርምጃ በመሥሪያ ቤት ሳይሆን በትምህርት ቤት ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1996 ፕሬዚዳንት ሌናርት ሜሪ «የነብር ዝላይ» ተብሎ የተሰየመውን ፕሮግራም አስታወቁ። የሐሳቡ አመንጪዎች የትምህርት ሚኒስትሩ ያክ አቪክሱና በዚያን ጊዜ በዋሽንግተን አምባሳደር የነበሩት፣ በኋላም ፕሬዚዳንት የሆኑት ቶማስ ሄንድሪክ ኢልቬስ ነበሩ። የዕቅዱ ዓላማ በየትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ማስገባት፣ መምህራንንም ማሠልጠን ነበር። ቀጥሎም የንግዱ ክፍል ገባበት። ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚባለው ይኸው ነው። የኢስቶኒያ ባንኮች በገጠሩ ሁሉ ቅርንጫፍ መክፈት ስለከበዳቸው ደንበኞቻቸውን በኢንተርኔት ማስተናገድ የጀመሩት ከመንግሥት ቀድመው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 መንግሥት ግብርን በኢንተርኔት መቀበል ሲጀምርም፣ ግብር ከፋዩ ማንነቱን የሚያረጋግጠው ባንኩ በሰጠው የምስጢር ቁጥር ነበር። ከዚያም ባንኮችና የቴሌኮም ኩባንያዎች ገንዘብ አዋጥተው ከ100,000 የሚበልጡ ጎልማሶችን የኮምፒዩተር አጠቃቀም አስተማሩ። ሕዝቡ ካልቻለበት ያወጡት ገንዘብ እንደማይመለስላቸው ዐውቀው ያደረጉት ነበር።

በዚያው በ2000 የወጣው ሕግ በኤሌክትሮኒክ ዘዴ የተደረገ ፊርማን በእጅ ከተጻፈው ፊርማ ጋር እኩል አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2002 ለነዋሪው ሁሉ ግዴታ የሆነ፣ በውስጡ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ቅንጣት የያዘ መታወቂያ መታደል ተጀመረ። ካርዱ ሁለት የምስጢር ቁጥሮች አሉት፤ በአንደኛው ባለቤቱ ማንነቱን ያሳውቃል፣ በሁለተኛው ይፈርማል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ብዙ ሰው የካርዱን ጥቅም አላወቀለትም፤ በክረምት የመኪና መስታወት ላይ የሚረጋውን በረዶ ለመፋቅ ካልሆነ ለምንም አይረባም እየተባለ ይቀለድበት እንደነበር የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ይናገራሉ። በምርጫም እንዲሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በኢንተርኔት ድምፅ መስጠት ሲፈቀድ በዚህ መንገድ የመረጠው ከመቶው ሁለት እጅ እንኳ አልሞላም፤ በ2023ቱ የፓርላማ ምርጫ ግን ከግማሽ በላይ ሆነ። በመካከሉ ያለው ዘመን አሥራ ስምንት ዓመት ነው። አዲስ ሥርዐት በዘረጋ በሁለተኛው ዓመት «ሕዝቡ አልተጠቀመበትም» ብሎ ተስፋ የሚቈርጥ ባለሥልጣን ይህን ቁጥር ቢያስታውስ ይጠቅመዋል።

የአሠራሩ ልብ ግን ካርዱ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የተዘረጋውና ኤክስ ሮድ የሚባለው የመገናኛ መሥመር ነው። ብዙ ሰዎች የኤሌክትሮኒክ መንግሥት ሲባል የአገሩ መዝገብ ሁሉ በአንድ ትልቅ ጎተራ የተከማቸ ይመስላቸዋል፤ የኢስቶኒያ ግን እንዲያ አይደለም። የነዋሪዎች መዝገብ በነዋሪዎች ጽሕፈት ቤት፣ የመሬት መዝገብ በመሬት መሥሪያ ቤት፣ የሕመምተኛውም ታሪክ በጤናው ክፍል እንደ ተለያየ ይቀመጣል። አንዱ መሥሪያ ቤት ከሌላው አንድ ነገር ማወቅ ሲያሻው በሕግ የተፈቀደለትን ያንኑ ብቻ በመሥመሩ ይጠይቃል፤ ጥያቄውም መልሱም በምስጢር ጽሕፈት ተሸፍኖ፣ ተፈርሞና ሰዓቱ ተመዝግቦ ይተላለፋል። ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄደው ደንብ መንግሥት አንድ ጊዜ የተነገረውን ነገር ባለጉዳዩን ሁለተኛ አይጠይቅም የሚል ነው። ዘመድ የሆኑት ሁለት መሥሪያ ቤቶች እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ እንጂ፣ ነጋዴውን «ከዚያኛው ቢሮ ደብዳቤ አምጣ» አይሉትም። በሴቻ ደጃፍ የቆመው ባለጉዳይ የሚመኘው ከዚህ የተለየ አይመስልም።

ውጤቱም የሚታይ ነው። በኢስቶኒያ ኩባንያ የሚያቋቁም ሰው ማመልከቻውን በኢንተርኔት አቅርቦ ብዙውን ጊዜ በሰዓቶች ውስጥ ይመዘገባል። የግብሩን መግለጫ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ከሚያውቀው ነገር አስቀድሞ ሞልቶ ያቀርብለታል፤ እርሱ የሚያደርገው አይቶ ማጽደቅ ነው። ከ2014 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የውጭ አገር ሰው እንኳ በሩቅ ሆኖ የኤሌክትሮኒክ ነዋሪነት ካርድ አውጥቶ በዚያ ኩባንያ ለማቋቋም ይችላል። ይህ ካርድ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ዜግነት አለመሆኑን መገንዘብ ያሻል፤ በዚህ የተሳሳቱ ሰዎች ብዙ ናቸውና። ለብዙ ዓመታት ሰውዬው በአካል እንዲቀርብ የሚፈለግባቸው ጉዳዮች ጋብቻ፣ ፍቺና የቤት ሽያጭ ብቻ ነበሩ ይባላል፤ የፍቺ ማመልከቻ እንኳ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በኢንተርኔት መቅረብ ጀምሯል። በጎ መሻሻል መሆኑን መወሰን ለአንባቢ ይተዋል።

በጎውን ብቻ መናገር ግን ደንበኛውን ማሳሳት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታሊን አንድ የሶቪየት ወታደር ሐውልት ከቦታው በመነሣቱ ሁከት በተፈጠረበት ወቅት፣ የአገሪቱ ባንኮች፣ ጋዜጦችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በኮምፒዩተር መሥመር በመጣ ጥቃት ለቀናት ታወኩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ 760,000 ያህል መታወቂያ ካርዶች በሠራቸው ኩባንያ ቅንጣት ውስጥ በነበረ ጉድለት ምክንያት የምስጢር ቁልፋቸው ሊሰበር እንደሚችል ታወቀ። ይህም ከሕዝቡ ከግማሽ የሚበልጠው መታወቂያ ማለት ነው። መንግሥቱ ነገሩን አልሸሸገም፤ በአደባባይ ተናገረ፣ የካርዶቹን ምስክርነት በኅዳር ወር አገደ፣ ባለቤቶቹም እንዲያድሱት አደረገ። በዚሁ ዓመት አገሪቱ በጠላት ብትያዝ እንኳ መዝገቧ እንዳይጠፋ፣ የዋና ዋና መዛግብቷን ቅጂ እንደ ኤምባሲ በሚከበር ስፍራ በሉክሰምበርግ ለማስቀመጥ ተዋዋለች። ከዚህም ሌላ ማንኛውም ኢስቶኒያዊ መዝገቡን ማን እንዳየበት ለመመልከት ይችላል፤ ያለ ሥራ ጉዳይ የሰው ዶሴ የከፈቱ ሠራተኞችም ተቀጥተዋል። በወረቀቱ ዘመን ዶሴን ማን ገልጦ እንዳየው የሚያውቅ አልነበረም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ነገሩ ከዜሮ የሚጀመር አይደለም። በ1990ዎቹ ዓመታት ማብቂያ ወረዳዎችን በሳተላይት የሚያገናኘው ወረዳ ኔት ተዘርግቶ ነበር፤ ይሁንና በአብዛኛው ያገለገለው ለባለሥልጣኖች የርቀት ስብሰባ ስለነበር ባለጉዳዩ ጥቅሙን በእጁ አልጨበጠውም። ሕጉ ቀደም ብሎ መጥቷል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 በ2010 ዓ.ም.፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2012 ዓ.ም.፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 በ2015 ዓ.ም.፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥተዋል። የሚኒስትሮች ምክር ቤትም «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስትራቴጂ በሰኔ 2012 ዓ.ም. አጽድቋል። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ገንዘብን በስልክ መክፈልን ባንክ ደጃፍ ረግጦ ለማያውቅ ሰው ሁሉ አለመደ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ነዳጅ በዚሁ መንገድ እንዲከፈል ስለተደረገ የጭነት መኪና ሾፌር ሁሉ ወዶም ሆነ ሳይወድ ተምሮታል። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶችን አገልግሎት በአንድ አዳራሽ የሚሰጠው «መሶብ» የተባለው ማዕከል በአዲስ አበባ ተከፈተ። የንግድ ምዝገባና ፈቃድም በኢንተርኔት የሚጠየቅበት መንገድ ተዘጋጅቷል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፋይዳ ነው። ኢስቶኒያ ሥራዋን ስትጀምር እያንዳንዱ ነዋሪ የራሱ የማይደገም ቁጥር ነበረው፤ በእኛ አገር ግን ለረዥም ዘመን የነበረው የቀበሌ ወረቀት መታወቂያ ነው። አንድ ሰው ሁለት ቀበሌ ሁለት መታወቂያ፣ አንዳንዴም ሁለት ስም ሊኖረው ይችል ነበር፤ የልደትና የሞት ምዝገባ በሕግ በተደራጀ መንገድ በአገር አቀፍ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ፋይዳ የሰውዬውን ፎቶግራፍ፣ የአሥር ጣቶቹን አሻራና የዐይኑን ብሌን መዝግቦ 12 አኀዝ ያለው ቁጥር ይሰጠዋል። ዕቅዱም 90 ሚሊዮን ያህል ነዋሪዎችን ለመመዝገብ ነው። ባንኮች ሒሳብ ሲከፍቱ እንዲጠይቁት፣ ከግብርና ከንግድ መዝገብም ጋር እንዲገናኝ እየተደረገ ነው። ማንነትን በእርግጥ የሚያሳይ ቁጥር ከሌለ ኤክስ ሮድን የመሰለ መሥመር ቢዘረጋ፣ በመሥመሩ የሚተላለፈው የተዛባ ስም ብቻ ይሆን ነበር።

እዚህ ላይ ኢስቶኒያውያን ያልገጠማቸው፣ የእኛ ብቻ የሆነ ችግር አለ። ይኸውም የስማችን አጻጻፍ ነው። ጸሐፊው እንደ ለመደው «ሥላሴ» ወይም «ስላሴ»፣ «ፀሐይ» ወይም «ጸሃይ»፣ «ኃይሌ» ወይም «ሀይሌ» ብሎ ይጽፋል፤ ለሰው ዐይን አንድ የሆነው ስም ለኮምፒዩተር ሁለት ልዩ ልዩ ሰው ነው። በጋሞ አገር ደግሞ በጋሞኛ የወጣው ስም በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ወደ ላቲን ፊደል ሲዞር ሁለተኛ ጊዜ መልኩን ይለውጣል። የቤተ ሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለን የአያት ስም በአንዱ ወረቀት ይገባና በሌላው ይቀራል። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው፤ በእኛ ዘመን አቈጣጠር የተሰጠውን ወደ አውሮፓው ሲመልሱ አንዱ ሰባት፣ ሌላው ስምንት ዓመት ይጨምርበታል፤ ጳጉሜንም የሚቀበል ቅጽ ሁልጊዜ አይገኝም። ነጋዴው በመስኮቱ ፊት ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ሠራተኛው ፊቱን አይቶ «አንድ ሰው ነው» ብሎ ያልፈው የነበረውን ልዩነት ኮምፒዩተሩ «አይዛመድም» ብሎ ይመልሰዋል።

ሁለተኛው ነገር ብዙ የማይወራለት፣ ሆኖም በየከተማው በዐይን የሚታይ ጉዳይ ነው። ቀድሞ በፍርድ ቤትና በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ራፖር ጸሐፊዎች ጠረጴዛቸውን ዘርግተው ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። ማመልከቻው ወደ ኢንተርኔት ሲዛወር ሥራው ከጽሕፈት መኪና ወደ ኢንተርኔት ቤት ወጣቶች ተላለፈ። ዋጋ ተቀብለው የነጋዴውን ቅጽ ይሞሉለታል፤ ይህ ነውር አይደለም፣ አገልግሎትም ነው። ነገር ግን ራፖር ጸሐፊው ጽፎ ሲጨርስ የሚፈርመው ባለጉዳዩ ነበር። አሁን ግን ነጋዴው የምስጢር ቃሉን ለወጣቱ ነግሮ፣ በስልኩ የመጣለትንም ማረጋገጫ ቁጥር ጮክ ብሎ አንብቦለት ወደ ሥራው ይሄዳል። ይህ ማለት ባዶ ወረቀት ላይ ፈርሞ ማኅተሙንም አብሮ ትቶ እንደ መሄድ ነው። የኢስቶኒያ ባንኮች ጎልማሶችን በገዛ ገንዘባቸው አስተምረው ነበር። በየከተማው ያሉ የንግድ ምክር ቤቶች አባሎቻቸውን ለጥቂት ቀናት ሰብስበው ይህን ያህል ለማስተማር አያቅታቸውም፤ ኮምፒዩተር የሚያውቅ ወጣትም በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሞልቷል።

ሦስተኛው የመሥመርና የመብራት ነገር ነው። መብራት በጠፋ ወይም መሥመር በተቋረጠ ቀን መሥሪያ ቤቱ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ እንደ ቀድሞው በወረቀት ተቀብሎ በኋላ መመዝገብ፣ ወይም «ሲስተም የለም» ብሎ ባለጉዳዩን መመለስ። ሁለተኛው የቀለለ ስለሆነ ይዘወተራል። «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል የቀድሞውን «ነገ ና» የሚለውን በቦታው ከተካ፣ ለነጋዴው የተለወጠለት ነገር የለም ማለት ነው፤ እንዲያውም በቀድሞው ጊዜ አለቃ ዘንድ ገብቶ መሟገት ይቻል ነበር። መሥመር በሌለበት ቀን የቀረበ ማመልከቻ የቀረበበትን ቀንና ሰዓት ይዞ እንዲቈጠር፣ በመዘግየቱም ቅጣት እንዳይከተል በመመሪያ በግልጽ ቢጻፍ ጠቡ ይቀንሳል።

ሰፊውን የመንግሥት ሥራ ለመንግሥት ትቶ ነጋዴው በራሱ በኩል ዛሬውኑ ሊያደርገው የሚችል አንድ ነገር አለ። የፋይዳውን ማስረጃ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ማስረጃና የንግድ ፈቃዱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ ስሙ ከነአባቱና ከነአያቱ ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን፣ የልደት ቀኑም በየትኛው አቈጣጠር እንደ ተጻፈ ይመልከት። ልዩነት ያገኘ እንደ ሆነ ትክክለኛውን የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ፣ የተሳሳተውን የጻፈው መሥሪያ ቤት እንዲያርምለት በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የጠየቀበትንም ወረቀት ቅጂ ይያዝ። በፋይዳው ላይ የተመዘገበው የስልክ ቁጥር የራሱ እንጂ የልጁ ወይም የኢንተርኔት ቤቱ ወጣት አለመሆኑንም አብሮ ያረጋግጥ፤ ማረጋገጫው የሚላከው በዚያ ቁጥር ነውና። ይህ እርማት አዲሱ የበጀት ዓመት ሳይገባ ቢፈጸም ይመረጣል፤ ከሐምሌ 1 ቀን በኋላ በሴቻ ደጃፍ ያለው ወረፋ ረዥም ነው።